‹‹ግሉኮስ›› ሁሉ አንድ አይደለም

በካፋ ዞን የጨና ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ዋጫ አንድ ሰው ተቅማጥና ትውከት አድክሞት ወደ ጤና ተቋም ቢወሰድ፣ ጠያቂ ዘመድ በቅድሚያ የሚያነሳው ጥያቄ ‹‹ግሉኮስ ተደረገለት ወይ?›› የሚል ነው። አነጋገሩ የዋጫ ብቻ አይደለም፤ በቦንጋም፣ በጅማም፣ በመርካቶም ያው ነው። በደም ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ሁሉ በአገራችን አንድ ስም ወጥቶለታል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዕቃው አንድ አይደለም። ከረጢቱ ወይም ጠርሙሱ ላይ በትንንሽ ፊደላት የተጻፈው ይለያያል፤ ከደም ሥር ከገባ በኋላ የሚሄድበት ቦታና የሚሠራው ሥራም ይለያያል። በዚህ ገበያ ልዩነቱን አለማወቅ የሚያስከትለው ኪሳራ በብር ብቻ የሚቆጠር አይደለም።

ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ ነው እንዳይባል፣ ፈሳሹ ከበሽተኛው አልጋ የሚደርሰው በአስመጪ፣ በጅምላ አከፋፋይ፣ በጭነት መኪና ባለቤትና በክሊኒክ ባለሀብት እጅ አልፎ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት ዕለት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ ዶላር መግዣ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገብቷል። ከሳምንታት በኋላም ከመቶ ብር በላይ መውጣቱ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ገበያ የትኛውን ፈሳሽ፣ ምን ያህል፣ ለማን ብሎ ሳይለዩ ‹‹ግሉኮስ›› በሚል የጅምላ ስም ማዘዝ ገንዘብን ውኃ ላይ እንደመበተን ይቆጠራል።

ዘጠኝ ግራም ጨው

በገበያው በብዛት የሚታየው ‹‹ኖርማል ሳላይን›› የሚባለው ነው። ይዘቱ እጅግ ቀላል ነው፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 9 ግራም የገበታ ጨው አለበት። ታዲያ ለ9 ግራም ጨው ይህን ያህል ዋጋ ለምን ይከፈላል? ቢሉ፣ ገዢው የሚከፍለው ለጨው አይደለም። ውኃው በተደጋጋሚ ተጣርቶና ተነጥሮ፣ ከጀርምም ሆነ ጀርም ሞቶ ከሚተወው ትኩሳት አምጪ ቅሪት የጸዳ መሆን አለበት። አሞላሉ በልዩ ንጹሕ ክፍል ይካሄዳል፤ ከታሸገም በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ይቀቀላል። የዋጋው ትልቁ ድርሻ የንጽሕና፣ የማሸጊያና የጭነት ነው። በቤት ውስጥ ጨውና ውኃ በጥብጦ ይህን መተካት የማይሞከር ነገር የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1832 ኮሌራ ስኮትላንድን ሲያጠቃ ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም ሊሞቱ ለተቃረቡ በሽተኞች ጨው ያለበት ውኃ በደም ሥራቸው በመስጠት ያየውን ውጤት ጽፎ አሳትሟል። ያን ጊዜ ስለ ጀርም የሚታወቅ ነገር ስላልነበረ ዘዴው ወዲያው አልተስፋፋም። ዛሬም ቢሆን የዘዴው አደጋና ወጪ ያለው ከንጽሕናው ላይ ነው።

ሦስቱ መጋዘኖች

የፈሳሾቹን ልዩነት ለመረዳት በቅድሚያ ሰውነት ውኃውን የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ያስፈልጋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰውነቱ ውስጥ ወደ 36 ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል። ይህ ውኃ በሦስት መጋዘኖች ተከፍሎ የተቀመጠ ነው ማለት ይቻላል። ትልቁ መጋዘን የሕዋሳት ውስጥ ሲሆን 24 ሊትር ያህል ይይዛል። ሁለተኛው በሕዋሳት መካከል ያለው ቦታ ነው፤ 9 ሊትር ገደማ አለው። ሦስተኛውና ትንሹ የደም ሥር ውስጥ ሲሆን፣ ቀዩ የደም ሕዋስ ሳይቆጠር 3 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይገኝበታል።

ሕይወትን በደቂቃዎች ውስጥ የሚወስነው ይህ ትንሹ መጋዘን ነው። የደም ሥር ሲጎድል ልብ የሚገፋው ነገር ያጣል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛሉ፣ ኩላሊት ሽንት ማውጣት ያቆማል። በመሆኑም አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲሰጥ የሚነሣው ጥያቄ ‹‹ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ በደም ሥር ይቀራል?›› የሚለው ነው።

የመጋዘኖቹ በረኛ ሶዲየም፣ ማለትም ከጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር ነው። ሕዋሳት ሶዲየምን ወደ ውስጥ አያስቀሩም፤ ሲገባ መልሰው ያስወጡታል። ውኃ ደግሞ ሶዲየም ወዳለበት ይሳባል። በዚህ መሠረት አንድ ሊትር ሳላይን ሲገባ ከሕዋሳት ውጭ ባሉት በሁለቱ መጋዘኖች ብቻ ይከፋፈላል። ከሊትሩ አንድ አራተኛው፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በደም ሥር ይቀራል።

ስሙን ለሁሉም ያዋሰው እውነተኛው ግሉኮስ፣ 5 በመቶ ዴክስትሮዝ የሚባለው፣ ሌላ ጠባይ አለው። በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለ እንጂ ጨው የለበትም። ሰውነት ስኳሩን ወስዶ ሲያቃጥለው የሚቀረው ተራ ውኃ ነው። ተራ ውኃ ደግሞ በረኛ ስለማያግደው በሦስቱም መጋዘኖች ይበተናል። በደም ሥር የሚቀረው ከአሥራ ሁለት አንድ እጅ፣ ማለትም 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በተቅማጥ ደሙ ለጎደለ ሰው ግሉኮስ ብቻ መስጠት፣ ለቡና መግዣ የተላከን ገንዘብ በየመንገዱ በትኖ ባዶ እጅ ገበያ እንደመድረስ ነው። አብዝተው ከሰጡት ደግሞ በደም ያለውን ሶዲየም አቅጥኖ አንጎልን ሊያሳብጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በተቅማጥ ክፉኛ ለደረቀ በሽተኛ ጨው የሌለው ግሉኮስ እንዳይሰጥ ይላል።

ይህ ሲባል ግሉኮስ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የደም ስኳሩ ለወረደ ሰው፣ በወባ ለተዳከመ ሕፃን ወይም ለስኳር በሽተኛ፣ ከየትኛውም ጨው በፊት የሚያስፈልገው ስኳር ነው። ስሕተቱ የሚመጣው አንዱን በሌላው ቦታ በማስገባት ነው።

ሪንገር ላክቴት ምን ጨመረ?

ሦስተኛው ዓይነት ሪንገር ላክቴት ይባላል። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ለንደን ውስጥ ነው። ሲድኒ ሪንገር የተባለ ሐኪም የእንቁራሪት ልብ በጨው ውኃ ውስጥ ሲመታ ካየ በኋላ፣ ውኃው በተነጠረ ውኃ ሲለወጥ ልቡ መምታቱን እንዳቆመ ተመለከተ። የቀድሞው ውኃ የቧንቧ ውኃ ስለነበረ ካልሲየም ይዞ ኖሯል። ከዚህ በመነሣት ሪንገር ካልሲየምና ፖታሲየም ያለበትን ፈሳሽ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ አሌክሲስ ሃርትማን የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ላክቴት የተባለውን ንጥረ ነገር ጨመረበት።

የላክቴቱ ጥቅም በሂሳብ ሚዛን ቋንቋ ሊገለጽ ይችላል። ኬሚስቶች በሚጠቀሙበት ሚሊሞል በተባለው መቁጠሪያ፣ በጤነኛ ሰው ደም በአንድ ሊትር ከ135 እስከ 145 ሶዲየምና መቶ ገደማ ክሎራይድ ይገኛል። በሳላይን ውስጥ ግን ሶዲየሙም ክሎራይዱም እኩል 154 ነው። ስሙ ‹‹ኖርማል›› ይባል እንጂ ክሎራይዱ ከደም በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። በርካታ ሊትር ሳላይን የገባለት ሰው ደሙ ወደ አሲድነት ሊያዘነብል ይችላል። በሪንገር ላክቴት ሶዲየሙ 130፣ ክሎራይዱ 109 ገደማ ሲሆን፣ ፖታሲየም 4፣ ላክቴት 28 ያህል፣ ጥቂት ካልሲየምም አለበት። ላክቴቱን ጉበት ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል፤ ባይካርቦኔት ደግሞ አሲድን የሚያከሽፍ ነው።

በኮሌራ ጊዜ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ከባድ ኮሌራ የያዘው አዋቂ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ከውኃው ጋር የሚወጣው ሶዲየም ብቻ ሳይሆን ፖታሲየምና ባይካርቦኔትም ነው። ሳላይን የጎደለውን ውኃና ጨው ሲተካ፣ ሪንገር ላክቴት ከሌሎቹም በከፊል ይተካል። የዓለም ጤና ድርጅት በከባድ ድርቀት ጊዜ ሪንገር ላክቴትን በአንደኛነት፣ እሱ ከሌለ ሳላይንን በሁለተኛነት የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። መጠኑም የታወቀ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት 100 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው በሽተኛ 30ው በግማሽ ሰዓት፣ 70ው በቀጣዩ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሰጣል። ለጨቅላዎች አሰጣጡ ዘግየት ብሎ በስድስት ሰዓት ይጠናቀቃል።

ሳላይን የሚቀድምበትም አለ

ይሁንና ሪንገር ላክቴት በሁሉም ቦታ አሸናፊ ነው ማለት አይቻልም። ካልሲየም ስላለበት ደም በሚሰጥበት መስመር አብሮት አይገባም፤ ደሙን ሊያረጋው ይችላል። ሴፍትሪያክሶን ከተባለው መድኃኒት ጋር በተለይ በአራስ ሕፃናት ላይ ሲገናኝ ድቃቂ ጠጣር ስለሚሠራ ክልክል ነው። ለረጅም ጊዜ ያስመለሰው ሰው ያጣው የጨጓራ አሲድ፣ ማለትም ክሎራይድ ስለሆነ፣ ለእሱ የሚሻለው ሳላይን ነው። ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰውም ሳላይን ይመረጣል።

በትልልቅ ሆስፒታሎች የተደረጉት ጥናቶች ውጤትም የተደባለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በ15,802 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሞትን ወይም ከባድ የኩላሊት ችግርን የሚያጠቃልለው ጉዳት ሳላይን በተሰጣቸው ላይ 15.4 በመቶ፣ እንደ ሪንገር ያሉት በተሰጣቸው ላይ 14.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በብራዚል፣ በ2022 ደግሞ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በተደረጉት ጥናቶች ግን በ90 ቀን ውስጥ በሞቱት ቁጥር ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ለነጋዴው የሚተርፈው መደምደሚያ፣ ሳላይን ዛሬም የተከበረ ዕቃ መሆኑና ከሪንገር የሚያንሰው በተለይ ፈሳሹ በብዛት በሚያስፈልግበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ብዛት ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም

‹‹ግሉኮስ ያበረታል›› በሚል እምነት ጠጥቶ መብላት የሚችል ሰው ከፍሎ ሲያስደርግ ይታያል። አንድ ሊትር 5 በመቶ ዴክስትሮዝ የሚሰጠው ጉልበት 200 ካሎሪ አይሞላም፤ ከሁለት ሙዝ አይበልጥም። ሙዙ መርፌ አያስፈልገውም፣ ጀርምም በደም ሥር አያስገባም።

ከልክ ያለፈ ፈሳሽ ራሱ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታወቀውና በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ኃይለኛ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው በተዳከመ 3,141 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ለብዙዎች አስደንጋጭ ነበር። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ሕፃናት በ48 ሰዓት ውስጥ 10.5 በመቶ ገደማው ሲሞቱ፣ በፍጥነት ካልተሰጣቸው ግን የሞቱት 7.3 በመቶ ናቸው። እነዚህ ሕፃናት አብዛኞቹ ወባና የመሳሰለው ሕመም እንጂ ተቅማጥ ያደረቃቸው አልነበሩም። ወባ በሚበዛበት በደቡብ ምዕራቡ አገራችን ትምህርቱ ቀላል አይደለም። ውኃ የጎደለበትና ያልጎደለበት ሰው ተለይቶ መታከም አለበት።

ከፈሳሾቹ ጎን በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው የፖታሲየም ክሎራይድ ክምችትም ጥንቃቄ ይሻል። ሳይበረዝ በቀጥታ በደም ሥር ከተገፋ ልብን በቅጽበት ያቆማል። በመጋዘንም ሆነ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ከሌሎቹ ብልቃጦች ጋር ተደባልቆ መቀመጥ የለበትም።

አንድ ኩንታል ስንት ሰው ያክማል?

አሁን ወደ ጭነቱ ሂሳብ እንምጣ። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዋጫ ከዚያም አልፋ ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ማሸጊያውን ጨምሮ ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ በአንድ ኩንታል ጭነት ውስጥ መቶ ከረጢት አይሞላም። 50 ኪሎ የሚመዝን በኮሌራ ክፉኛ የደረቀ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ብቻ 5 ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ኩንታል ከ20 ላነሱ ሰዎች ነው የሚበቃው። 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ ቢመጣ ከአንድ ሺህ ላነሱ ሰዎች ነው።

ከዚህ ጋር የሚወዳደረው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ዱቄት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሚቀበሉት ቀመር ለአንድ ሊትር ውኃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 2.9 ግራም ሲትሬትና 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ድምሩ 20.5 ግራም። ማሸጊያው ሳይታሰብ አንድ ኩንታል ዱቄት ከ4,800 ሊትር በላይ ይወጣዋል። ውኃውን የሚያቀርበው ዋጫ ራሱ ስለሆነ ለውኃ የጭነት ኪራይ አይከፈልም። መካከለኛ ድርቀት ያለበት የ50 ኪሎ ሰው በአራት ሰዓት ውስጥ አራት ከረጢት ያህል ቢጠጣ፣ አንድ ኩንታል ለሺህ ሰው ገደማ ይደርሳል ማለት ነው።

የአሠራሩ ምሥጢር ያለው አንጀት ውስጥ ነው። በአንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ሶዲየም አብረው ካልመጡ የማይከፈት በር አለ። ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። ኮሌራ ሌላውን በር ሲያበላሽ ይህን በር ግን አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች በሠፈሩበት የሕንድ ካምፕ የደም ሥር ፈሳሽ ሲያልቅበት ይህንኑ ድብልቅ በበርሜል በጥብጦ ያጠጣው ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ፣ 30 በመቶ ይደርስ የነበረውን ሞት ወደ 4 በመቶ ገደማ ማውረዱ በሕክምና ታሪክ የታወቀ ነው።

ይህ ማለት ዱቄቱ ከረጢቱን ይተካዋል ማለት አይደለም። ራሱን የሳተ ወይም ደም ሥሩ የጎደለ ሰው መጠጣት አይችልም፤ ለእሱ ከረጢቱ የግድ ነው። በኮሌራ ወረርሽኝ ግን ከአምስት በሽተኞች አራቱ ያህል በዱቄቱ ብቻ ሊድኑ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በኢኮኖሚክስ አነጋገር ሁለቱ ተፎካካሪ ሳይሆኑ ተደጋጋፊ ሸቀጦች ናቸው። ዱቄቱ በየቀበሌው ጤና ኬላ በበቂ ሲኖር፣ ውዱና ከባዱ ከረጢት ለአምስተኛው ሰው ይተርፋል። ዱቄቱ ሲጠፋ ደግሞ በቤቱ ሊድን ይችል የነበረው ሰው ደርቆ ይመጣና ከረጢቱን ይሻማል። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በባሌ ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ታይቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተዛመተው ኮሌራ፣ ይህ ሂሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ አሳይቷል።

አንድ ፋብሪካ ሲቆም

ከባድና ርካሽ ዕቃ በመሆኑ ይህን ሸቀጥ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በየትም አገር ጥቂት ናቸው። ጥቂትነታቸው የሚያመጣው አደጋ በሀብታሞቹም አገሮች ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በሰሜን ካሮላይና የሚገኘውን የባክስተር ኩባንያ ፋብሪካ በጎርፍ ሲያጥለቀልቅ፣ ከአሜሪካ የደም ሥር ፈሳሽ 60 በመቶ ያህሉን የሚያቀርብ ነበርና ሆስፒታሎች ፈሳሽ በራሽን እስከመስጠት ደርሰዋል፤ አጣዳፊ ያልሆነ ቀዶ ጥገና ያራዘሙም አሉ። ብዙዎቹ ያን ጊዜ መጠጣት የሚችለውን በሽተኛ ማጠጣት ጀመሩ። ሀብታሙ አገር በችግር ጊዜ የደረሰበት መፍትሔ፣ ለዋጫ በደህናውም ጊዜ የሚያዋጣው ነው።

ለገዢና ለሻጭ

ለጤና ተቋም የሚያቀርብ ነጋዴ፣ እንዲሁም ክሊኒክ ሊከፍት ያሰበ ባለሀብት፣ ትዕዛዙን ‹‹ግሉኮስ ይህን ያህል ካርቶን›› ብሎ ከመጻፍ ይልቅ በየስሙ ቢከፋፍለው ይጠቀማል። ተቅማጥ በሚበዛበት ወቅት ትልቁ ድርሻ የሪንገር ላክቴት ሆኖ፣ ሳላይን ተከታዩን፣ 5 በመቶ ዴክስትሮዝ አነስተኛውን ቢይዙ ከላይ ከተነገረው ጋር ይስማማል። የዱቄቱ ካርቶን ደግሞ ከሁሉም አስቀድሞ መጫን አለበት፤ ቦታም ኪራይም አይሻማም። ለሕፃናት ተቅማጥ ከዱቄቱ ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጠው የዚንክ ኪኒንም አብሮ ይታዘዝ።

ዕቃው ሲረከቡ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የማለቂያውን ቀን ማየት፣ ከረጢቱን ጫን አድርጎ የሚያንጠባጥብ መኖር አለመኖሩን መሞከር፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ዝቃጭ ወይም ድፍርስ ያለበትን መለየት ያሻል። ደፍርሶ የተገኘው አይመለስበትም፣ አይሸጥም። መጋዘኑም ፀሐይ የማይመታው፣ ካርቶኑ ከመሬት ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ የሚቀመጥበት ሊሆን ይገባል።

ከካፋ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ጭኖ የሚወጣ መኪና ሲመለስ ምን እንደሚጭን የሚወስነው የመሐል ነጋዴው ነው። በሚቀጥለው ክረምት መጀመሪያ ላይ፣ ጎርፍ ምንጩን ሳያደፈርስና መንገዱ ሳይበላሽ፣ ሁለት ካርቶን ዱቄት ከከረጢቱ አስቀድሞ ዋጫ ከደረሰ፣ በወረርሽኝ ወቅት በጭንቅ ዋጋ የሚገዛው ከረጢት ቁጥር በዚያው ልክ ይቀንሳል።